የጠቆረው ማማሰያ

ይህ የማማሰያና የማንኪያ አባባል በየድግሱ ቤት ሲነገር ብዙዎች ከወጥ የተወለደ ይመስላቸዋል፤ መነሻው ግን የኮክ ማርማላታ ነው።

በአንዲት የደጋ ከተማ ይመናሹ የምትባል ሴት ባሏ ከሞተ ወዲህ በወንድሙ ቤት ተጠግታ ትኖር ነበር። የአገረ ገዥው ባለቤት ወይዘሮ ላቀች፣ ፍሬው ሳይፈርስ ማርማላታ የምትሠራላቸውን ሴት የጓዳቸው ኃላፊ እንደሚያደርጉ፣ በግቢያቸውም መኖሪያ እንደሚሰጧት አስነገሩ። ይመናሹን ከሹመቱ ይልቅ በራሷ ቁልፍ የሚዘጋ በር አማራት።

ኮኩን ልጣና ከፍላ፣ ስኳር ነስንሳ አሳደረችው፤ ሲነጋ ፍሬው ራሱ ባወጣው ውሃ ጣደችው። ፍሬው እንዳይፈርስ ማማሰያውን በድስቱ ወለል ላይ ብቻ ቀስ እያለች ስታንሸራትት፣ ወላፈኑ ፊቷን ሲገርፋት አረፈደች። ፍንጣሪው ክንዷን ላጠው፤ በድስቱ ጎን የሚወጣው ነበልባልም የማማሰያውን እጀታ አጠቆረው።

ማርማላታው ከወረደ በኋላ የባሏ ወንድም ሚስት ተዋበች ነጭ በነጭ ለብሳ ብቅ አለች። እስከዚያች ሰዓት ድረስ ወደ ምድጃው ዝር አላለችም።

«በዚህ ጥላሸት በጠጣ ቀሚስ እመቤቲቱ ፊት ልትቆሚ ነው? እኔ ላድርስልሽ፤ ያንቺ እጅ ሥራ መሆኑንም እነግርልሻለሁ» አለቻት።

ይመናሹ በቀሚሷ አፈረችና እሺ አለች። ድስቱን እየፋቀች ሳለ ግን ጎረቤቷ መጥታ ተዋበች መሾሟን ነገረቻት። ማማሰያውን እንኳ ሳታስቀምጥ ወደ ግቢው ገሠገሠች።

በእልፍኙ ተዋበች የጓዳውን ቁልፍ በመቀነቷ አንጠልጥላ፣ በብር ማንኪያ የእመቤቲቱን እንግዶች ታቀምሳለች። ይመናሹ ሥራው የእሷ መሆኑን ተናገረች።

ተዋበች ሳቅ አለች። «እቴ፣ እሳት ስላነደድሽልኝ ባለሙያ ሆንሽ?»

እንግዶቹም አብረው ሳቁ። ወይዘሮ ላቀች የተላጠውን ክንድ አይተው ዓይናቸውን ሰበሩ፤ ነገር ግን በእንግዳ ፊት የሰጡትን ቁልፍ መልሰው መቀማት ለክብራቸው እንደማይስማማ ተናገሩ። ስህተታቸውን ከማቅናት ይልቅ ክብራቸውን መረጡ።

በዚህ ጊዜ ከበሩ አጠገብ የተቀመጡት አሮጊት መነኩሲት፣ እማሆይ ወለተ ጻድቅ፣ የቀረበላቸውን ሳህን ሳይቀምሱ ገፉት። የይመናሹን የጠቆረ ማማሰያ፣ ቀጥሎም የተዋበችን የብር ማንኪያ በጣታቸው እያመለከቱ፣ ሁሉም እንዲሰማ አድርገው እንዲህ አሉ፦ «እሳቱን ማማሰያ ቻለ፣ ምስጋናውን ማንኪያ በላ።»