ተቀባይ ያጣው ዘማሪ

አንድ ሲንጋራ የሚባል ዘማሪ በደቡብ ህንድ፣ ተሉጉ በሚነገርበት አገር፣ በጎዳቫሪ ወንዝ ዳር ቪሽኑ የተባለው አምላክ በሚመለክባት ትንሽ ቤተ መቅደስ ያገለግል ነበር። በዚያ የሚዘመረው መዝሙር በመንደሩ ቋንቋ አልነበረም። ከብዙ ትውልድ በፊት ከታሚል አገር የመጡ መምህራን ይዘውት መጡ፤ የሲንጋራ ቅድመ አያቶች ቃሉን በጆሯቸው አጥንተው፣ ትርጉሙን በተሉጉ እየፈቱ ለልጆቻቸው አወረሱት። ገበሬውም ሸማኔውም ቃሉ ባይገባው እንኳ ዜማውን ሲሰማ ልቡ ይራራል።

መዝሙሩ ለሁለት የሚዘመር ነው። አንዱ ስንኙን ያወጣል፣ ሌላው ቀጣዩን ይቀበላል። ሲንጋራ ያወጣል፣ ጓደኛው አፓላ ይቀበላል። አባቶቻቸውም እንዲሁ ነበሩ። ከልጅነታቸው ጀምሮ ፊት ለፊት ተቀምጠው ስለዘመሩ፣ አንዱ የት ላይ እንደሚተነፍስ ሌላው ያውቅ ነበር። ሲንጋራን ጉንፋን የያዘው ቀን አፓላ ማንም ሳይነግረው ዜማውን ዝቅ ያደርግለታል።

ግንባራቸው ላይ የሚቀቡት ነጭ ምልክት ግን በጥቂቱ ይለያያል። የሲንጋራው ወደ አፍንጫው ወረድ ይላል፤ የአፓላው ቅንድቦቹ መሃል ላይ ያበቃል። ሁለቱም ከአባታቸው እንዳዩት ይቀባሉ እንጂ ለምን ብሎ የጠየቀ አልነበረም።

አንድ ክረምት ከደቡብ የመጡ ሊቅ በእንግድነት አረፉ። የሁለቱን ግንባር አይተው ሳቁ።

«እናንተ እኮ አንድ አይደላችሁም» አሏቸው። «ምልክቱን ወደ አፍንጫ የሚያወርዱት፣ ‹ድመት ልጇን በአፏ አንጠልጥላ እንደምትወስድ፣ አምላክም ነፍስን ራሱ ተሸክሞ ያድናታል› የሚሉ ናቸው። እነዚያኞቹ ደግሞ ‹የጦጣ ልጅ እናቱን ጭምቅ አድርጎ እንደሚይዝ፣ ነፍስም አምላኳን አጥብቃ መያዝ አለባት› ይላሉ። እኛ አገር ሁለቱ ወገኖች በአንድ ማዕድ አይቀመጡም።»

ሊቁ በነጋታው መንገዳቸውን ቀጠሉ፤ ንግግራቸው ግን እዚያው ቀረ። ሲንጋራና አፓላ መጀመሪያ እየሳቁ፣ በኋላ ፊታቸውን እያጠቆሩ፣ በመጨረሻም እየተጯጯሁ ተከራከሩ። ዓመታዊው በዓል ሲቃረብ ከመቅደሱ በር በላይ ያለው ምልክት እንደ ወትሮው መታደስ ነበረበት። አሮጌው ቀለም ደብዝዞ የየትኛው ወገን እንደሆነ አይለይም። ሲንጋራ ቀድሞ ወደ አገሩ ገዥ ሄደና ከሰሰ። ገዥው ጉዳዩ ብዙም ሳይገባቸው ቀድሞ ለመጣው ፈረዱ፤ በሩ ላይ የሲንጋራው ምልክት እንዲቀባ አዘዙ።

አፓላ ጓዙን ጠቅልሎ ቤተሰቡን ጀልባ ላይ አሳፈረ። ሲንጋራ ወንዙ ዳር ቆሞ ያያል።

«ሲንጋራ፣ አምላክ እንደ ድመቷ ራሱ የሚሸከመን ከሆነ፣ አንተ ወደ ገዥው ለምን ሮጥክ?» አለው አፓላ።

«አንተስ እንደ ጦጣው አጥብቀህ የምትይዝ ከሆንክ፣ ለምን ትለቃለህ?» ሲል ሲንጋራ መለሰለት።

መልሱ የሚያረካ መልስ ነበር። ሊለው የፈለገው ግን «አትሂድ» ነበር። ጀልባዋ ራቀች።

በበዓሉ ቀን ሲንጋራ አዲስ ከተቀባው ምልክት ሥር አልፎ ገባና የመጀመሪያውን ስንኝ አወጣ። ከልማዱ የተነሳ ቆመ። የሚቀበለው የለም። ሕዝቡ ጠበቀ። ሲንጋራ ተቻኩሎ ቀጣዩን ራሱ ዘመረው፤ ትንፋሽ አጥሮት መሃል ላይ ተሰበረበት። ከዚያ በኋላ ከሌላ ከተማ አንድ ዘማሪ አስመጣ። ሰውዬው ድምፀ መልካም ነበር፤ ግን ሲንጋራ ሳይጨርስ ይጀምራል፣ ሲንጋራ ሲደክመው አይሰማውም። የዝናቡ ወቅት ሳያልቅ ተመልሶ ሄደ።

ብቻውን ሲያጉተመትም የሰማችው ሚስቱ አላሜሉ አንድ ቀን ምሳ እያቀረበችለት ጠየቀችው።

«ሙግቱን ረቱ አይደል እንዴ? ታዲያ ማንን ነው እንዲህ ቀን ከሌት የሚሞግቱት?»

«ማንንም» አላት።

እውነቱን ነበር፤ ማንም አልነበረም። ትንሽ ቆይቶ አላሜሉም አረፈች፤ ቤቱም እንደ መቅደሱ ጭር አለ።

ዓመታት አለፉ። ሲንጋራ ልጅ ሆኖ መዝሙሩን ሙሉውን አጥንቶት ነበር፤ ግን አፓላ እስኪሄድ ድረስ የሚያወጣውን ብቻ ስለዘመረ፣ አፓላ የሚቀበላቸው ስንኞች አንድ በአንድ ከአእምሮው ይጠፉ ጀመር። የጎደለበትን በጉርምርምታ ያልፈዋል። ሕዝቡ አላወቀበትም። ያው ዜማ፣ ያው ዘማሪ፣ እጅ ነስተው ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ። ሲንጋራን ከብቸኝነቱ ሁሉ የከበደው ይህ ነበር፤ መዝሙሩ እየሞተ መሆኑን የሚነግረው ሰው በመንደሩ ውስጥ የለም። «ተሳሳትክ» ሊለው የሚችለው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም ከወንዙ ማዶ ነው።

በበጋ ውሃው ጎደል ሲል ተሻገረ።

አፓላን ሣር ክዳን ባላት ጠባብ መቅደስ ደጃፍ ላይ ተቀምጦ አገኘው። ፀጉሩ ነጭ ሆኗል። ሲንጋራን ሲያይ ሊነሳ ሞከረና መልሶ ተቀመጠ፤ ግን አንዲት ቃል አልተናገረም። ሲንጋራ የተቀየመው መሰለው። አፓላ ሲሄድ ሕፃን የነበረች ልጁ ራንጋማ፣ አሁን ሙሉ ሴት ሆና ከጓዳ ወጣች።

«አይቀየሙት አባባ፣ ድምፁ ጠፍቶ ነው» አለችው። «ካለፈው ክረምት ወዲህ ጉሮሮውን አሞት ይሰማል እንጂ መናገር አልቻለም። ድምፁ እያለ በየጠዋቱ ወደ ወንዙ ዞሮ ይዘምር ነበር። ግን አንድ ስንኝ ዝም፣ አንድ ስንኝ ይዘምራል። ‹ምነው ትዘላለህ?› ስለው፣ ‹እሱን ሲንጋራ እያወጣው ነው፤ እንዴት እደርብበታለሁ?› ይለኝ ነበር።»

ሲንጋራ የአፓላን ቦታ በራሱ ድምፅ ሲሞላ፣ ሲያቅተውም ሲያጉረመርምበት ኖሯል። አፓላ ግን ያን ሁሉ ዓመት ቦታውን ክፍት አድርጎ ጠብቆለታል።

ሲንጋራ ፊት ለፊቱ ተቀመጠ። «ይቅር በለኝ» አለው። አፓላ እጁን ዘርግቶ የሲንጋራን ጉልበት ነካ፣ ከዚያም በአገጩ «አውጣ» አለው።

ሲንጋራ አወጣ። አፓላም ተቀበለ፤ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ ግን የለም። ሲንጋራ ከንፈሩን እያየ ስንኙን ተከትሎ አዜመው። ሲስት አፓላ ራሱን ይነቀንቃል፤ ሲንጋራ መልሶ ይጀምራል። የጠፋው ስንኝ ሁሉ እስኪገኝ ድረስ እዚያ ሰነበተ።

ከዚያ በኋላ ሲንጋራ በመቅደሱ መዝሙሩን ሳያጓድል ዘመረ። መዝሙሩ ዳነ። የዘመረው ግን ብቻውን ነው። አፓላን በጀልባ ሊያመጣው ለምኖት ነበር፤ ለመንገድ የሚሆን አቅም ስላልነበረው ባለበት ቀረ። እነዚያ ሁለት ድምፆች አንድ ላይ ሊሰሙ ይችሉባቸው የነበሩ ዓመታት በሙግት አልቀዋል፤ የሚመልሳቸው አልተገኘም።

ወዳጄ፣ ሲንጋራ በክርክሩ ልክ ይሁን ስህተት ይህ ታሪክ አይነግረንም። ምናልባት ልክ ነበር። ልክ ሆኖም ብቻውን ቀረ፤ ብቻውን ሲቀርም የሚወደው መዝሙር ራሱ ከእጁ ያመልጥ ጀመር። የምንወደውን ነገር የምንጠብቀው ከሚወዱት ከሌሎች ጋር ሆነን ነው። እነሱን ካባረርን በኋላ ስህተታችንን የሚነግረን አናገኝም፤ በዙሪያችን ያለው ዝምታም ስምምነት ይመስለናል።

አንተ ስትሳሳት የሚያውቅብህ ሰው ማን ነው? አንቺስ፣ ልክ ነሽ ተብሎ የተፈረደልሽ ዕለት ማን ጓዙን ጠቅልሎ ሄደ? ድምፁ ገና ካልጠፋ፣ ዛሬውኑ ወደ እሱ ብንሻገር ምን ይቀርብናል?