ለኮምፒውተሩ አቤት የምትለው ልጅ

አንዲት እናት ነበረች። ሳሎኗ ውስጥ የስፌት መኪና ዘርግታ የተማሪ ዩኒፎርም የምትሰፋ፣ ኮንዶሚኒየም የምትኖር ሴት። ባሏ የከባድ መኪና ሾፌር ስለሆነ ቤት የሚገባው ሰንብቶ ነው። ናርዶስ የምትባል ገና ትምህርት ቤት ያልገባች ልጅ አለቻቸው።

እናትየው ልጇን በሥርዓት ነበር ያሳደገቻት። ስምሽ ሲጠራ ካለሽበት ሆነሽ አትጩኺ፤ አቤት በይና የጠራሽ ሰው ፊት ሄደሽ ቁሚ ብላ አስተምራታለች። እናንተስ እንዲሁ አይደል ያደጋችሁት? ናርዶስም ታዛዥ ነበረች። ስትጠራ የያዘችውን ጥላ ትሮጣለች።

አንድ ቀን የእናትየው ወንድም አሮጌ ኮምፒውተር ይዞ መጣ። ለሕፃናት የተሠራ የትምህርት ጨዋታ ጭኖበታል። ፊደል ያስቆጥራል፣ ቁጥር ያስተምራል፣ ቀለም ያስለያል። ደግሞ በነጻ ነው። ነጻ ሲባል እኛን ታውቁን የለም? ዓይናችንን ጨፍነን ነው የምንቀበለው።

ጨዋታው ግን አንድ ነገር ጠየቀ። ልጅዎ እንዲደሰት ድምፅዎን ይቅረጹልን አለ። እናትየው መቀሷን አስቀመጠችና ወደ ኮምፒውተሩ ጎንበስ ብላ፣ ከልቧ፣ «ናርዶስዬ፣ ነይ የኔ ቆንጆ። ጎበዝ የኔ ልጅ» አለችው።

ከዚያ ወዲህ ሥራዋ ቀለላት። ልጅቷ መጫወት ስታቆም ኮምፒውተሩ በእናቷ ድምፅ ይጠራታል። እሷም አቤት ብላ ትሄዳለች፣ ፊቱ ትቆማለች። ፊደሉን ለየች፣ ጎረቤት ሁሉ አደነቀላት። እናትየው አንገቷን ስፌቱ ላይ ደፍታ ትውላለች። አንዳንዴ ትጠራታለች፣ አንዳንዴም ትቆጣታለች። ያኛው ድምፅ ግን አይደክመውም፣ አይቆጣም።

አንድ ከሰዓት መብራት ጠፋ። ኮምፒውተሩም አብሮ ጠፋ፣ ቤቱ ጭር አለ። እናትየው ልጇን ምሳ ልታበላ ከወጥ ቤቱ በር ላይ ሆና ጠራቻት። ናርዶስ ከመኝታ ቤት «አቤት!» ብላ ሮጠች። እናቷን አልፋ ሄደች። የጠፋው ኮምፒውተር ፊት ቆመች።

እናትየው መጀመሪያ ጨዋታ መስሏት ሳቀች። ደግማ ከኋላዋ ጠራቻት። «አቤት እማዬ» አለች ልጅቷ፣ ለኮምፒውተሩ።

ያን ጊዜ ሴትየዋ ሳቋን አቆመች። ቀርባ ትከሻዋን ያዘችና፣ «ናርዶስ፣ እኔ ነኝ እኮ። ዞር በይ» አለቻት።

ልጅቷ አልዞረችም። የእናቷን እጅ በጨዋ ደንብ ከትከሻዋ ላይ አንስታ፣ «ቆዪ እትዬ፣ እማዬ እየጠራችኝ ነው» አለች።

በጠቆረው የኮምፒውተሩ መስታወት ላይ የእናትየው ፊት ይታያል። ልጅቷ ያንን ፊት እያየች ፈገግ አለችለት።

እኔ ይህን ስሰማ ራሴን ጠየቅሁ። ልጅቷን ማን ሰረቃት? ማንም አልሰረቃትም። ድምፁ የእናቷ ነው። ወዳ፣ ጎንበስ ብላ ነው የሰጠችው።

ወገኖቼ፣ እኔ ኮምፒውተሩን አልከስም፤ ፊደሉን በደንብ አስተምሯል። የምጠይቀው እናንተን ነው። ልጆቻችሁን አቤት ማለት አስተምራችኋል፤ የሚጠራቸውስ ማነው? የሚያጫውታቸው ማነው? ጎበዝ የሚላቸው ማነው? ጸሎቱን እንኳ በስልክ ከፍተን ጠረጴዛ ላይ ትተነው እንወጣለን። ቤት ውስጥ ስልኩ ይጸልያል፣ እኛ ገበያ ነን። ልጁ ስልኩ ሲጸልይ ሰምቷል። እናቱ ስትጸልይ ሰምቷል ወይ? አባቱስ?

እግዚአብሔር ልጁን አደራ ያለው ለእናንተ ነው። ዛሬ ከዚህ ስትመለሱ በራችሁ ላይ ቁሙና ልጃችሁን በስሙ ጥሩት። አቤት ሲል ወዴት እንደሚሮጥ እዩ። ወደ እናንተ ከመጣ ተመስገን በሉ። አልፏችሁ ከሄደ ግን እንዳትቆጡት። እሱ ታዝዟል።