ከጨዋታው መውጣት ያቃተው ተማሪ

አንድ መምህር በሁለተኛ ዲግሪ ደረጃ የሱስ አማካሪዎችን ያሠለጥን ነበር። በእሱ ክፍል ልምምዱ እንዲህ ነው፦ ሁለት ተማሪዎች ፊት ለፊት ይቀመጣሉ። አንዱ አማካሪ፣ ሌላው ሱሰኛ ሆኖ ይጫወታል። የቀሩት ይመለከታሉ፣ ይተቻሉ። መምህሩ ሲያጨበጭብ ጨዋታው ያበቃል። ያን ጊዜ ሱሰኛ ሆኖ የተጫወተው ተነስቶ ስሙን ይናገርና "የተጫወትኩት ሰው እኔ አይደለሁም" ይላል። የክፍሉ ልማድ ነው፤ የሌላ ሰው ሕመም በተጫዋቹ ላይ ተጣብቆ እንዳይቀር።

ሊመረቁ ጥቂት ወራት ሲቀራቸው፣ አንድ ጠዋት፣ ሱሰኛ የመሆን ተራው ለናሁሰናይ ደረሰ። አማካሪዋ የክፍል ጓደኛው ትርሲት ነበረች።

"መጠጡን የት ነው የምትደብቀው?" አለችው።

"ጫማ ካርቶን ውስጥ። የሰው አሮጌ ጫማ ማን ይከፍታል?"

"ሽታውስ?"

"ነጭ ሽንኩርት እበላለሁ። ማስቲካ ያስጠረጥራል። ነጭ ሽንኩርት የበላን ሰው ግን ቀርቦ የሚያሸተው የለም።"

ክፍሉ በሳቅ ተናጋ።

"ኧረ ይሄ ልጅ ያለ ቦታው ነው! ቴአትር ነበር ማጥናት የነበረበት!" አለ አንዱ ከኋላ።

መምህሩም ፈገግ አለ። ሙሉ ማርክ ሊጽፍለት እስክሪብቶውን አነሳ። አጨበጨበ።

ናሁሰናይ ተነሳ።

"እኔ ናሁሰናይ ነኝ። የተጫወትኩት ሰው..."

እንደገና ጀመረ።

"የተጫወትኩት ሰው..."

"ገጸ ባሕርይው አልለቀውም!" አለ ያው የኋላው ልጅ። እንደገና ሳቅ።

ትርሲት አልሳቀችም። በደንቡ መሠረት የእሷ ድርሻ አብቅቷል። እሷ ግን ወንበሯን ወደ እሱ ሳብ አደረገች።

"ናሁ፣ ዛሬስ?" አለችው። አሁን የአማካሪ ድምፅ አልነበረም፤ የራሷ ነበር።

"ዛሬም ጠጥቻለሁ። ክፍል ከመግባቴ በፊት።"

ሳቁ ቆመ።

"በቃ አባርሩኝ" አለ ናሁሰናይ። "ሱሰኛ የሱስ አማካሪ! እናቴ ለምርቃቴ ቀሚስ አሰፍታለች። ምን ብዬ ነው የምነግራት?"

መምህሩ እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

"ይቅርታ አድርግልኝ ልጄ። ለሕመምህ ማርክ ልሰጥህ ነበር።"

"አልባረርም ማለት ነው?"

"ሐኪም ቤት ሰውን ታመምክ ብሎ ያባርራል እንዴ? ሕክምና ትጀምራለህ። እስክትድን ታካሚ ፊት አትቀመጥም፤ በዚህ ቀልድ የለም። ወንበርህ ግን ያንተው ነው።"

ናሁሰናይ ተነፈሰ። ረጅም ትንፋሽ። ትከሻው ወረደ። ከዚያ ማንም ያልጠበቀውን ቃል ተናገረ።

"ራበኝ።"

"ና እንብላ" አለች ትርሲት። "ነጭ ሽንኩርት የሌለበት!"

ክፍሉ ሳቀ። ይህኛው ሳቅ ሌላ ነበር፤ እሱም አብሮ ሳቀ።

ከበሉ በኋላ ትርሲት ወደ ሱስ ሕክምና ማዕከል ሸኘችው። መንገድ ላይ ለእናቱ ደውሎ ሁሉንም ነገራቸው። እናቱ አለቀሱ። ከዚያ አፍንጫቸውን ጠርገው "ቀሚስ መቼ ይበላሻል? ሣጥን ውስጥ ይቀመጣል። አንተ ብቻ ዳንልኝ" አሉት።

ጓደኞቹ ቀድመውት ተመረቁ። እሱ ዘግይቶ ተመረቀ፤ ግን ድኖ።

ሰው ሁሉ ሕመሙን አልቅሶ አይነግረንም። በቀልድ ይጠቀልለዋል። "አንድ ጓደኛ አለኝ" ብሎ ይጀምረዋል። በጨዋታ መሀል ጣል አድርጎ ፊታችንን ያያል። ስቀን ካለፍን መልሶ ይደብቀዋል። እንዲያውም ባጨበጨብንለት ቁጥር በደንብ መደበቅን ይማራል። ጥሩ አድማጭ ሌላው ሁሉ ከሳቀ በኋላ አንድ ጥያቄ የሚጨምር ነው።

ሰሞኑን በራሱ ላይ እየቀለደ ያሳቀን ሰው ማን ነበር? እስቲ ዛሬ እንደውልለት።