የሮጠው ባለወፍጮ

ተረት ተረት ስላችሁ «የላም በረት» ልትሉኝ ነው። በረት የለኝም፤ ላሚቱንም ከሸጥኳት ቆየሁ። ያለኝ አንድ ወፍጮ ቤት ነው። እንግዲያው «የወፍጮ ቤት» በሉኝና ልቀጥል።

አንድ ትልቅ ሰው ነበር። ትልቅ ያልኩት በዕድሜ ነው፤ ሌላውን ሰምታችሁ ትፈርዳላችሁ። ስሙ አንዳርጌ ይባላል፤ እኔ ነኝ። ሠላሳ ዓመት እህልና በርበሬ ፈጭቻለሁ፤ ሠላሳ ዓመትም አስያለሁ፤ ዱቄት ጉሮሮ ውስጥ ቤት ይሠራል። ባለቤቴ ደብሪቱ ሳሌን ከመንገድ ስትሰማ ነበር ምሳ የምታቀርበው። በሳሌ የደነገጠ ሰው አይቼ አላውቅም።

ዘንድሮ አዲስ ጉንፋን ገባ ተባለ። ራዲዮው እጃችሁን ታጠቡ፣ ስትታመሙ ቤት ዋሉ፣ አራስና ሽማግሌ ጠብቁ አለ። ይኸው ነው ያለው። እኔ ግን ለእያንዳንዱ ቃል ሦስት ቃል ጨመርኩለት። ወፍጮ ቤቱ በር ላይ በትልቁ ጽፌ ለጠፍኩ፤ «የሚያስል፣ የሚያስነጥስ፣ አፍንጫው የሚፈስ እንዳይገባ። ባለቤቱ።» ለጥፌ እንደጨረስኩ አሳልኩና ገባሁ።

በነጋታው ቅዳሜ ወይዘሮ አልጋነሽ በርበሬ ልታስፈጭ መጣች። በርበሬ ነው ያልኩት፤ ልብ በሉ። ሞተሩ ተነሣ፣ በርበሬው መውረድ ጀመረ፣ አልጋነሽ አስነጠሰች። ድሮ ቢሆን «ይማርሽ» እላታለሁ፣ «ያኑርህ» ትለኛለች፣ ሥራችንን እንቀጥላለን። ያን ዕለት ግን ሞተሩን አጥፍቼ ሮጥኩ። ሠላሳ ዓመት በርበሬ የፈጨ ሰው በርበሬ ያስነጥሳል ብሎ ማሰብ አቃተው። እሷ ምን ሆነ ብላ ብቅ ስትል እኔ የቤተ ክርስቲያኑ አጥር ጋ ደርሻለሁ። ገበያተኛው ሁሉ አየኝ። ኋላ አፍና አፍንጫዬን በነጠላ ጠምጥሜ ተመለስኩ፤ ከወፍጮው ሥር የተጠራቀመውን ጥራጊ ዱቄት በሽታ ይዟል ብዬ አቃጠልኩት፤ በሩን ቆለፍኩ፤ ቁልፉን ኪሴ ከተትኩ።

ረቡዕ ዕለት ልጄ ጥሩዓለም እኔው ቤት ሴት ልጅ ወለደች። ለወጉ እናቷ ዘንድ ልትወልድ ነበር የመጣችው። የመጀመሪያ የልጅ ልጄ ናት። የምፈልገው አንዲት ነገር ብቻ ነበር፤ ልጅቷን አንድ ጊዜ ማቀፍ። ደብሪቱ ግን የጓዳውን በር ዘጋችብኝ። በገዛ ቤቴ በበር ቀዳዳ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ብዬ ልጄን እንኳን ደስ ያለሽ አልኩ። ውስጥ ሕፃኗ ታለቅሳለች፤ ውጭ እኔ አስላለሁ።

ቅዳሜ ጧት ደግሞ ሌላ መርዶ መጣ። አማቼ ደውሎ፣ ከተማችሁ ጉንፋን ሰው ጣለ ሲሉ ሰማሁ፣ ነገ እሑድ መኪና ይዤ መጥቼ ሚስቴንና ልጄን እወስዳለሁ አለ። የሚወስዳቸው እናቱ ቤት ነው፤ የሁለት ቀን መንገድ። እንዲህ ከሆነ ልጅቷን የማቅፋት ጥርስ ስታወጣ ነው። በሩን አንኳኳሁ።

«አንተ ሰውዬ፣» አለች ደብሪቱ ከውስጥ፣ «የሚያስል እንዳይገባ ብለህ የለጠፍከውን አንብቤዋለሁ። ሳልህ የዱቄት ይሁን የጉንፋን ሲስተር ዘቢደር ሰምታ ትንገረኝ፤ ያን ጊዜ እከፍታለሁ።»

በገዛ ጽሑፌ ተያዝኩ። ደብሪቱ በር አትከፍት፣ እኔ ልጅ አላቅፍ። ቁልፌን ኪሴ ውስጥ እያቅጨለጨልኩ ወጣሁ። ወፍጮ ቤቴ በር ላይ አንዲት አህያ ቆማለች። «ሂጂ ከዚህ» ብያት አለፍኩ።

ሲስተር ዘቢደር የጤና ጣቢያችን ነርስ ናት። በመስኮት አየችኝና ከበሩ መለስ አደረገችኝ። ያለ ጭንብል ማንም አይገባም፣ የጣቢያው ጭንብልም ትናንት አለቀ፣ ልብስ ሰፊው ይማም እየሰፋ ነውና ከሱ ይዘው ይምጡ፣ ያኔ ደረትዎን እሰማለሁ አለችኝ። ልሄድ ስል ጠራችኝና፣ ወፍጮ ቤት አንድ ሰው አስነጥሶ ወደቀ የሚባለው እውነት ነው ወይ ብላ ጠየቀች። የወደቀ የለም፤ የሮጠ ነው ያለው። ይህን ማለት ነበረብኝ፤ ግን ጉሮሮዬን ብቻ ጠረግኩ። ጉሮሮዬን ስጠርግ መስኮቱን ዘጋችው።

እንግዲህ ሲስተር ደረት አትሰማ፣ ደብሪቱ በር አትከፍት፣ እኔ ልጅ አላቅፍ። ወደ ይማም ሄድኩ።

ይማም ከሱቁ በር ላይ አግዳሚ ወንበር አጋድሞ፣ ከወንበሩ ኋላ ጠረጴዛ፣ ከጠረጴዛው ኋላ የስፌት መኪናውን፣ ከመኪናው ኋላ ራሱን አስቀምጧል። ለመሰማማት ጮክ ማለት ነበረብን። ጭንብሉን መስፋት ቀላል ነው፣ አንድ ደቂቃም አይፈጅ፤ ግን ጨርቁ በስንት እጅ እንዳለፈ አላውቅም፣ በጋለ ካውያ ሳልተኩሰው አልነካውም አለ። ካውያው የከሰል ነው፤ ከሰል የለውም። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰል የሚያመጣለት ደምሌ ዛሬ ቀረበት።

«ጋሼ፣ እንዴት አልፈራ?» አለኝ። «ወፍጮ ቤት ሦስት ሰው በቃሬዛ ወጣ ሲሉ እየሰማሁ።»

ጧት አንድ የነበረው እስከ ረፋድ ሦስት ሆኗል። ሦስቱም እኔ ነኝ። ይህንንም አልተናገርኩም፤ አፈርኩ። እንግዲህ ይማም ጭንብል አይሰፋ፣ ሲስተር ደረት አትሰማ፣ ደብሪቱ በር አትከፍት፣ እኔ ልጅ አላቅፍ። ደምሌን ፍለጋ ወረድኩ።

ደምሌን በወንዙ መውረጃ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። ሲያየኝ ብድግ ብሎ አማተበ።

«ጋሼ፣ ሞቱ ብለውኝ እኮ ነው። ነፍስ ይማር ብያለሁ።»

አለመሞቴን ለማሳመን እጁን ልጨብጠው ብል ወደ ኋላ አፈገፈገ፤ ከሙት ይልቅ የሚያስል ሰው ነው የሚያስፈራው። ከሰሉስ ብዬ ጠየቅኩ። ከሰሉ ወንዙ ማዶ ተቆልሏል፣ የሚያመጣው ግን የለም፣ አህያዋ አልሄድ ብላለች አለኝ። አንተስ ትከሻ የለህም ወይ አልኩት። እኔ ከሰል ስሸከም አህያዋ ከሰል ልትሸጥ ነው ወይ አለኝ።

እንግዲህ አህያ አትሄድ፣ ደምሌ ከሰል አያመጣ፣ ይማም ጭንብል አይሰፋ፣ ሲስተር ደረት አትሰማ፣ ደብሪቱ በር አትከፍት፣ እኔ ልጅ አላቅፍ። አህያዋ የት ናት አልኩ። ጧት ከቤት እንደወጣች አንድ ቦታ ሄዳ ተገትራለች፣ ቢደበድቧትም አትነቃነቅ አለ። ተያይዘን ወጣን። መንገዱን ሳየው አወቅኩት። ወደ ወፍጮ ቤቴ ነው የሚወስደው።

ያቺው አህያ ናት። አፍንጫዋን በሩ ሥር ባለው ስንጥቅ ሰክታለች። ጭድ ሰጠኋት፤ ፊቷን አዞረች። ለመንኳት፤ ጆሮዋን ጣለች። በሽምግልና ዕድሜዬ እኔ የአህያ እጅ መንሻ ይዤ ስቆም የገበያ ሰው ከሩቅ ቆሞ ያያል። አንድ ሳምንት ሙሉ ሰው ሁሉ ሲያየኝ ነው የከረመው።

«ረስተውት ነው?» አለኝ ደምሌ። «ቅዳሜ ቅዳሜ ወንዝ ከመውረዷ በፊት ጥራጊውን በጣሳ ይሰጧት የለ? ያንን ሳትበላ አትሄድም።»

ስድስት ዓመት ሰጥቻታለሁ፤ እውነት ነው። ጥራጊው ግን የለም፤ አቃጥዬዋለሁ። ሌላ ጥራጊ እንዲኖር ወፍጮው መዞር አለበት። እንግዲህ ወፍጮው አይዞር፣ አህያ አትሄድ፣ ደምሌ ከሰል አያመጣ፣ ይማም ጭንብል አይሰፋ፣ ሲስተር ደረት አትሰማ፣ ደብሪቱ በር አትከፍት፣ እኔ ልጅ አላቅፍ። ወፍጮውን ማን ዘጋው ልል አፌን ከፈትኩና እጄ ኪሴ ውስጥ ቁልፉን ነካ።

እዚያው ቆምኩ። ጧት ጀምሮ ከተማውን ስዞር፣ በየበሩ ስለምን፣ የሁሉም በር ቁልፍ ኪሴ ውስጥ ሲቅጨለጨል ነበር። ደብሪቱን ክፉ አልኳት፣ ሲስተርን ትዕቢተኛ አልኳት፣ ይማምን ፈሪ አልኩት። ፈሪውስ ሌላ ሰው ነበር። የልጅ ልጄን ከሁለት ቀን መንገድ ማዶ ሊወስድብኝ የመጣው ወሬ ከገዛ እግሬ የተነሣ ነው። ይህ ሲገባኝ እውነቴን ነው፣ ማልቀስ ቃጣኝ።

ይህን ያወቀ ሰው ወዲያው በሩን የሚከፍት ይመስላችኋል። እኔ ግን እዚያም ቆሜ ፈራሁ። ሞተሩ ከተነሣ ሰው ይመጣል፣ ሰው ከመጣ ያስነጥሳል። በሩ ላይ የለጠፍኩትን አነበብኩት፤ የሚያስል እንዳይገባ ይላል። በዚያ ሕግ መጀመሪያ የሚከለከለው ባለቤቱ ነው። ቀድጄ ኪሴ ከተትኩትና ቁልፉን አዞርኩ።

ሞተሩ ቱክ ቱክ ሲል ከሁሉ ቀድማ አልጋነሽ ከተፍ አለች። ስምንት ቀን ግማሹ የተፈጨ በርበሬ ወፍጮ ውስጥ ያለባት ሴት ጆሮዋ እዚሁ ነበር። መጥታ አጠገቤ ቆመች። በርበሬው ወረደ። በመጀመሪያ ያስነጠስኩት እኔ ነኝ። አንድ አይደለም፤ አራት ጊዜ።

«ይማርህ» አለችኝ።

ሰድባኝ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። «ያኑርሽ» አልኩ። ይቅር በይኝ አልኳት። አንተን ከመቅጣት በርበሬዬን መውሰድ ይሻለኛል አለችና ሳቀች። ከኋላዋ አንዷ በቆሎ፣ አንዷ ስንዴ ይዛ ተሰለፈች።

ከዚህ ወዲያ ነገሩ በአንድ ጊዜ ተፈታ። ወፍጮው ዞረ፣ ጥራጊው ተጠረገ፣ አህያዋ ጣሳዋን ላሰች። አህያዋ ሄደች፣ ደምሌ ከሰል አመጣ፣ የይማም ካውያ ጋለ። ጨርቁ ተተኮሰ፣ ጭንብሉ ተሰፋ፣ አፌ ላይ ታሰረ። ሲስተር ዘቢደር ደረቴን ሰማች፤ ፊትና ኋላ፣ አንዴ ያስሉ፣ አንዴ ይተንፍሱ እያለች።

«ሳንባዎ ላይ ያለው ዱቄት ግማሽ ኩንታል ይሆናል፤» አለችኝ። «ጉንፋን ግን የለብዎትም።»

ያን ጊዜ ሁሉንም ነገርኳት። አንድም ሰው አልወደቀም፣ ሦስትም አልወጣም፣ እኔም አልሞትኩም፤ ሴትዮዋን በርበሬ አስነጠሳት፣ እኔ ሮጥኩ አልኳት። ብዙ ሳቀች። ከዚያ ስቃ ስታበቃ፣ ጉንፋኑ ሌላ ቦታ እንዳለና መጠንቀቁ ደግ እንደሆነ፣ አራስ ቤት ስገባ እጄን በሳሙና እንድታጠብ፣ ጭንብሉን እንዳላወልቅ፣ ሕፃኗን እንዳልስም ነገረችኝ። ለደብሪቱም ለአማቼም ራሷ ደወለች። አማቼ መኪናውን እስከ ክርስትናው አቆየው።

ደብሪቱ በር ከፈተች።

እጄን እስከ ክንዴ ታጠብኩ። ልብሴን ቀየርኩ። ጥሩዓለም ልጅቷን ክንዴ ላይ አስቀመጠችልኝ። ትንሽ ናት፤ ሁለት ጣሳ ዱቄት አትሞላም። ዓይኗን ገልጣ አየችኝ። ጎንበስ ስል ከቅንድቤ ያልታጠበ ዱቄት ብን አለ። ሁሉን ታጥቤ ቅንድቤን ረስቼዋለሁ።

ሕፃኗ አስነጠሰች። እፊቴ ላይ።

ጥሩዓለም እናቷን አየች፤ ደብሪቱ እግሬን አየች፤ አሁን ይሮጣል ብላ ልጅቷን ልትቀበለኝ እጇን ዘረጋች። እኔም እግሬን አየሁት፤ አላምነውምና። ባለበት ቆሟል።

«ይማርሽ» አልኳት።

መልስ የምትሰጥበት አፍ ገና የላትም። ደብሪቱ የዘረጋችውን እጅ ሰበሰበችና ስለ እሷ መለሰችልኝ።

«ያኑርህ» አለች።

እንግዲህ ተረቴን መልሱልኝ። አፌን የማብስበት ዳቦ ከራሴ ዱቄት አላጣም፤ እናንተ ብቻ ሳስነጥስ ይማርህ በሉኝ።