የአህያዋ ልጅ ድርጎ

አንድ ጊዜ፣ እንስሳት ሁሉ በአንድ ጎተራ በሚተዳደሩበት ሰፊ ቆላ ውስጥ፣ እመት አህይት የምትባል ጭነት ተሸካሚ ነበረች። የአገሩ ደንብ እንዲህ ነው፤ መኸር ሲገባ እያንዳንዱ እንስሳ ካፈራው ላይ ድርሻውን ወደ ንጉሥ አንበሳ ጎተራ ያስገባል፣ በበዓል ቀን ደግሞ ከዚያው ጎተራ ታላቅ ግብር ይበላል። አንበሳ ከመቼ ወዲህ ነው እህል መብላት የጀመረው የሚል አንባቢ ካለ እዚያው ይከራከር፤ እኛ ተረታችንን እንቀጥላለን።

እመት አህይት አንዲት ውርንጭላ ነበረቻት። ግንባሯ ላይ ነጭ ምልክት ስላለባት ቦሪት ይሏታል። ቦሪት ገና ጡት ሳትጥል ነገረ ሥራዋ ለየት ያለ ነበር። በበጋ በሚደርቀው ወንዝ ስትሄድ ድንገት ትቆምና አሸዋውን ታሸታለች፣ በኮቴዋ ትጭራለች፣ ብዙ ጊዜም እርጥብ አፈር ታወጣለች። «ይህችን ልጅ ውሃ ይጠራታል» ይሉ ነበር ጎረቤቶቿ። እናቷ ይህን ስትሰማ የተሸከመችው ጭነት ይቀላት ነበር።

ከቆላው በላይ ካለው ገደል አናት ላይ መምህር ጉሬዛ ከፍተኛ ትምህርት ቤት ከፍተው የመሬትን ሆድ ዕቃና የውሃን መንገድ ያስተምራሉ። ቦሪትን ፈተኗትና «ትምጣ፤ እንዲህ ያለ አፍንጫ ገጥሞኝ አያውቅም» አሉ። ችግሩ ድርጎው ነው። ተማሪ ትምህርቱን እስኪጨርስ የራሱንም የመምህሩንም ቀለብ ከቤቱ ማስመጣት አለበት። እመት አህይት ግን ቀኑን ሙሉ የሌላውን እህል ተሸክማ ውላ ለራሷ የምታገኘው ገለባ ብቻ ነው።

ይህን የሰማ አቶ ቀበሮ ሳይጠራ መጣ። የእሱ ልጆች በአባታቸው ድርጎ እዚያው ይማራሉ።

«እመት አህይት፣ እንዴት ሰነበትሽ? ቦሪት አንጀቴን በላችው» አለ ጅራቱን እየቆላ። «ድርጎዋን እኔ ልቻል። ስትጨርስ ታዲያ፣ ያው፣ የእኔን ቤት ጭነት ትሸከማለች።»

«እስከ መቼ?»

«እንግዲህ… ዕድሜ ይስጣት!»

የእመት አህይት ደም ፈላ። «ልጄ የምትማረው ከጭነት እንድትወጣ ነው። ተምራ አንተ ጭነት ሥር የምትገባ ከሆነማ ገደል ለገደል ምን አንከራተታት? ደህና ዋል አቶ ቀበሮ፤ እኔ የምሄድበትን አውቃለሁ።»

የሄደችውም በቀጥታ ወደ ንጉሡ ሸንጎ ነው። እንስሳቱ በዋርካው ጥላ ሥር ተሰብስበዋል። እመት አህይት ጭነቷን ዳር ላይ አራግፋ መሃል ገባች።

«ንጉሥ ሆይ፣ የልጄ ድርጎ ከጎተራው እንዲሰጥ ልጠይቅ መጥቻለሁ።»

ሸንጎው ተንጫጫ። አቶ ቀበሮ ጉሮሮውን ጠርጎ ተነሣ።

«ንጉሥ ሆይ፣ እኔ የልጆቼን ድርጎ ራሴ እችላለሁ። በሬ ይኸው እዚህ አለ፤ ልጁ ትምህርት አይወድም። በሬ በላቡ ያመጣውን እህል ለምን ለአህያ ልጅ ያዋጣል? ዛሬ ለእሷ ከተሰጠ ነገ አይጥም ትመጣለች፣ ጎተራው ባዶውን ይቀራል። ደግሞስ ያልደከሙበት ነገር መቼ ይከበራል?»

እውነቱን ለመናገር ደህና አድርጎ ነው የተከራከረው፤ ብዙዎች ራሳቸውን ነቀነቁ።

እመት አህይት ጆሮዎቿን ቀጥ አደረገች። «ያልደከሙበት አልክ? ጎተራው ውስጥ ያለው እህል በእግሩ ሄዶ ነው የገባው? በሬ አረሰው፣ እኔ አጓጓዝኩት። በእኔ ጀርባ ያላለፈ እህል ካለ አውጥተህ አሳየኝ! ይኸው ጀርባዬ!» ብላ ዞረች። የጭነቱን ጠባሳ ሁሉም አየው። «ለልመና አልመጣሁም። ልጄ ተምራ የምታወጣው ውሃ የእኔ ቤት ብቻ አይደለም የሚገባው፤ በሬም ይጠጣዋል፣ አይጥም ትጠጣዋለች።»

በሬ ሲያመነዥክ ቆየና «ልጄ ባይማርም እኔን ውሃ ይጠማኛል» አለ። ከዚህ በላይ አልተናገረም፤ በሬ ነዋ።

ንጉሥ አንበሳ እንደ ደንቡ «የሚደግፍ ጅራቱን ያንሣ!» ሲል አዘዘ። ግማሹ አነሣ፣ ግማሹ በእግሮቹ መሃል ወሸቀ። ቢታይ ቢታይ እኩል ሆነ። ያልወሰነ አያ ጅቦ ብቻ ቀረ።

«ይቅርታ» አለ አያ ጅቦ፣ «ይህች ልጅ እዚያ የምትቀመጠው የጎተራውን እህል እየበላች ነው?»

«አዎ» አለ አንበሳ።

«በየቀኑ?»

«በየቀኑ።»

«ጭነትም ሳትሸከም?»

«ጭነትም ሳትሸከም።»

አያ ጅቦ የሰባች አህያ ከገደሉ ስትወርድ ታየችው። ምራቁን ዋጥ አድርጎ ጅራቱን እስከቻለው ድረስ ሰቀለና «ትምህርት እኮ ጥሩ ነገር ነው!» ብሎ ጮኸ። ሸንጎው በእልልታ ቀለጠ። እመት አህይት የጅቦን ዓይን አይታ ምን እንዳሰበ ገብቷታል። ቢሆንም ልጇን ወደ ገደሉ ሸኘች።

ዓመታት አለፉና ድርቅ ገባ። ወንዙ ስንጥቅጥቁ ወጣ። ቀድመው የተመረቁት የቀበሮ ልጆች ከድንጋይ ሥር አንዲት ምንጭ አግኝተው በሯ ላይ ተቀመጡ። «የተማርነው በአባታችን ድርጎ ነው፤ የጠማው እህል ይዞ ይምጣ» አሉ። እህል ያልነበራት እመት አህይት ከንፈሯን እየላሰች ተመለሰች።

ቦሪት ትምህርቷን ጨርሳ የምትወርድበት ቀን ሲደርስ እናቷ ልትቀበላት ገደሉ ሥር ሄደች። አያ ጅቦ ቀድሟት ተቀምጧል።

«እኔም እንግዳ ልቀበል ነው» አለና ሳቀ።

ቦሪት ወረደች። ከሥታ ጎድን አጥንቷ ይቆጠራል። አያ ጅቦ ክው አለ።

«ስቡ የት ሄደ?»

«የምን ስብ?»

«ከጎተራው የበላሽው ነዋ!»

«እሱማ ትምህርት ሆነ፣ አያ ጅቦ። መምህር ጉሬዛ ተማሪ እንዲሰባ ጊዜ አይሰጡም።»

«እንግዲህ አጥንትም ቢሆን…» ብሎ ተነሣ። እመት አህይት በመሃላቸው ገብታ ልትራገጥ ተዘጋጀች። ቦሪት ግን አልሸሸችም።

«ምላስህ ከላንቃህ ተጣብቋል፣ አያ ጅቦ። በዚህ ደረቅ ጉሮሮ አጥንት ብትውጥ ታንቀህ ነው የምትሞተው። መጀመሪያ ውሃ ላውጣልህ።»

አያ ጅቦ አሰበ። ማሰብ ስለሚያደክመው ተቀመጠ።

ቦሪት በደረቁ ወንዝ ወረደች። ማንም የሚቆፍርበትን ለስላሳ አሸዋ አለፈችው። የዳገቱን ዓለት ወዴት እንዳዘነበለ አየች፣ አሸተተች፣ ተመልሳም አሸተተች። «እማዬ፣ እዚህ ጋ!» አለች። እናትና ልጅ ጎን ለጎን ሆነው በኮቴያቸው ቆፈሩ። መጀመሪያ እርጥብ አፈር፣ ከዚያ ጭቃ፣ ከዚያ ንጹሕ ውሃ ቡልቅ ብሎ ወጣ።

ሽታው የሳበው ሁሉ እየሮጠ መጣ፤ በሬ መጣ፣ አይጥ መጣች፣ አንበሳም ከነግርማው ደረሰ። አያ ጅቦ ሆዱ እስኪነፋ ጠጥቶ ቀና ሲል የበሬ ቀንድና የአንበሳ ክርን ቦሪትን ከበው ቆመዋል።

«እኔ እኮ ያን ቀን ጅራቴን ያነሣሁት…» ብሎ ጀመረና እንደገና ወደ ውሃው አጎነበሰ።

በመጨረሻ አቶ ቀበሮ ከልጆቹ ጋር መጣ። ምንጫቸው ደርቋል። ራቅ ብሎ ቆመና «ለአንድ ጉንጭ ምን ታስከፍላላችሁ?» አለ።

ቦሪት እናቷን አየቻት።

«ና ጠጣ፣ አቶ ቀበሮ» አለች እመት አህይት። «ጎተራው ውስጥ ያንተም ድርሻ ነበረበት። ባትወድም ልጄን ካስተማሯት አንዱ አንተ ነህ።»

ቀበሮ አንገቱን ደፍቶ ጠጣ። ልጆቹም ተከተሉት።

ንጉሥ አንበሳ እያወቀ፣ ሁሉም እንዲሰማ ብሎ «ይህች የማን ልጅ ናት?» ሲል ጠየቀ።

«የእኔ!» አለች እመት አህይት። ለኩራቷ ቃል አልበቃ ብሏት ራሷን ወደ ሰማይ ቀና አድርጋ አናፋች፤ ድምፅዋ ገደሉን ሁሉ ሞላው። ያን ቀን አህያ ስታናፋ አንበሳ ዝም ብሎ አዳመጠ።

ከዚህ የምንማረው፣ አገር መክፈል የማይችለውን ልጅ ከጋራ ጎተራዋ ስታስተምር ምጽዋት መስጠቷ ሳይሆን፣ ነገ ሁሉም የሚጠጣበትን ጉድጓድ መቆፈሯ መሆኑን ነው።