ማረፍ ያማራት እርካብ

ተረት ላውጋችሁ፤ እናንተም «እህ!» እያላችሁ ስሙኝ። ያልሰማ እንዳይቆጨው!

ድሮ ድሮ፣ አጥንትና አህያ እንደ ሰው ሲናገሩ፣ አንጓች የምትባል ጌሾ ነጋዴ ነበረች። ግራ ጆሮዋን በልጅነቷ ኩፍኝ ደፍኖባት በቀኙ ብቻ ነበር የምትሰማው። በዚያ በቀኝ ጆሮዋ ውስጥ ደግሞ ከምስር ፍሬ የማትበልጥ አንዲት አጥንት ትኖር ነበር። ስሟ እርካብ ነው።

ከደጁ ላይ መራራው ዘበኛ አባ ኩክ ተቀምጦ አቧራውንም ጉንዳኑንም ይይዛል። ከእሱ ወዲያ እንደ ከበሮ ቆዳ የተወጠረ ታምቡር አለ። ታምቡሩን የጨበጠው የእርካብ ታላቅ ወንድም መዶሻ ነው፤ ከመዶሻ ቀጥላ መዶሻ የሚያርፍባት እህቷ መስፍ፣ ከመስፍ ቀጥላ ራሷ እርካብ። የእርካብ እግር ያረፈው ደግሞ ቀንድ አውጣ በመሰለ ቤት በር ላይ ነው። ቤቱን ውሃ ሞልቶታል፤ በውሃው ውስጥ እንደ ሣር የሚወዛወዙ ቀጫጭን ፀጉሮች አሉ። እነሱ የሰሙትን በክር አድርገው ለአንጎል ይልካሉ።

ውሻ ሲጮህ ታምቡር ነዘረ፣ መዶሻ መታ፣ መስፍ ተቀበለች፣ እርካብ ረገጠች። ጎረቤት ሲጣላ ታምቡር ነዘረ፣ መዶሻ መታ፣ መስፍ ተቀበለች፣ እርካብ ረገጠች። አንጓች ብትተኛ እንኳ እርካብ መተኛት የላት!

«ዓይን ሽፋን አላት፣ አፍ ከንፈር አለው፤ የእኛ ደጅ ምን በድሎ ነው የማይዘጋው?» እያለች ትብሰለሰል ጀመር።

ወደ ወንድሟ ዞረች። «ጋሼ መዶሻ፣ እስቲ ታምቡሩን ልቀቀው።»

«እሱን ከለቀቅሁ ምኑን መዶሻ ሆንኩት?» አላት።

ወደ እህቷ ዞረች። «እትዬ መስፍ፣ መመታት አልሰለቸሽም?»

«ሰልችቶኛል። ግን እኔ ዝም ብል አንቺ ምን ይደርስሻል?»

እርካብ አላረፈችም። ወደ ደጁ ተጣራች። «አባ ኩክ! አንተን በስንጥር መጫራቸው አነሰህና ነው ደግሞ በራቸውን የምትጠብቀው? እስቲ ዝጋው!»

አባ ኩክ ለምኖት የሚያውቅ አልነበረምና ደስ አለው። አንጓች ምንጭ ወርዳ ፀጉሯን ስትታጠብ ውሃውን ጠጣ፣ ጠጣና አበጠ። ደጁ ጥርቅም አለ።

«እፎይ!» አለች እርካብ።

ምን እፎይ አለ! አንጓች ቆሎ ቆረጠመች፤ ቋ! ቋ! ቋ! የራስ ቅሏ ተንቀጠቀጠ። ተነፈሰች፤ እንደ ወናፍ ጮኸ። ልቧ መታ፤ እንደ ነጋሪት ተጎሰመ። ከውጭ የሚመጣው ቢቀር ከውስጥ ያለው ገነነ። እርካብ ከበፊቱ ይልቅ ተቅበጠበጠች።

«አባ ኩክ፣ ክፈተው!»

«ማበጡን እንጂ መሟሸሹን አላውቅበትም» አላት።

በነጋታው አንጓች አህያዋን ቡላን ጌሾ ጭና ወደ ገበያ ወጣች። በደረቁ ወንዝ መሃል ስትደርስ ከላይ፣ ከደጋው የዘነበ ዝናብ ደራሽ ሆኖ መጣ። ከማዶ የሚያርስ ሰው ሞፈሩን ጥሎ ጮኸ፤ «አንቺ ሴትዮ! ደራሽ ነው! ውጪ!»

አልሰማችም።

ቡላ ጆሮውን አቁሞ ተገተረ። «እሜቴ፣ ውሃው መጣ!» አላት። አልሰማችም። «እሜቴ፣ እንሩጥ!» አላት። አልሰማችም፤ ይልቅ ለገመ ብላ በአርጩሜ ሾጥ አደረገችው። መሸሽ ይችል ነበር፤ ግን አልሸሸም። አገጩን ከራስ ቅሏ ላይ ጫነና ባለ በሌለ ኃይሉ አናፋ።

ጩኸቱ በደጅ ማለፊያ ቢያጣ በአጥንት አለፈ። እርካብ ደነገጠች። መዶሻ መታ፣ መስፍ ተቀበለች፣ እርካብ በሕይወቷ ረግጣ የማታውቀውን ያህል ረገጠች። ውሃው ተናወጠ፣ ፀጉሮቹ ተጎነበሱ፣ ክሩ ለአንጎል ነገረ። አንጓች ዞር ብትል ቡናማ ውሃ ግንድ እያንከባለለ ይመጣል!

ገመዱን ይዛ ቡላን ጎተተች። ጭነቱ ከበደው፤ ዳገቱ አሟልጮ ጣለው። «ተነስ፣ የኔ ጌታ! ተነስ!» እያለች ስትጮህ ገመዱ ከእጇ ሾለከ። እሷ ዳር ወጣች። ቡላን ውሃው ወሰደው።

አንጓች እያለቀሰች ቤቷ ገባች። ጎረቤቷ እማማ ድንቄ «እንዴት ይህን ሁሉ ጩኸት አልሰማሽም?» ብለው ቢጮሁባት ጆሮዋን አሳየቻቸው። ለብ ያለ ዘይት ጠብ እያደረጉ ሰነበቱ። አባ ኩክ ለሰለሰና ወጣ።

ወዲያው ዓለም ተግተልትላ ገባች። የፍየል ጩኸት፣ የልጅ ለቅሶ፣ የወፍጮ ጉርምርምታ። እርካብ ትረግጣለች፣ ትረግጣለች።

«ደከመሽ እንዴ፣ እርካቤ?» አላት መዶሻ።

«ደክሞኛል፣ ጋሼ» አለችው። «አንተ ግን ምታ።»

እኔም አፌን እዚህ ላይ ልግጠም፤ እናንተ ጆሯችሁን አትግጠሙ። ዓይን ቢያንቀላፋ ጆሮ ዘብ ያድራል፤ ዘቡ ያንቀላፋ ቀን ግን ቤቱ ለጎርፍ ያድራል።