የአዋላጇ ደብተር

ጆሮ ያለው ጠጋ ይበል። ትንፋሽ የሚያጥረው ግን ካሁኑ ይውጣ፤ ወሬዬ እየሄደ ይረዝማል።

ወይዘሮ ይርገዱ ሠላሳ ዓመት ያዋለዱ ነርስ ናቸው። እናቶች ልጃቸውን መጀመሪያ ሲያዩ ያሉትን በእጃቸው ጽፈው አንድ ወፍራም ደብተር ሞልተዋል። ከእናቶቹ አንዳንዶቹ ያን ቃል ተናግረው ብዙም አልቆዩም። ይርገዱ፣ እኔ ካለፍኩ ቃላቸውም አብሮኝ ይቀበራል ብለው ይሰጉ ነበር። የፈለጉት ትንሽ ነገር ነው፤ አሳታሚው መንግሥቴ ደብተሩን እንዲያነብላቸው ብቻ።

አሳታሚው አላነብ አለ። የጀርባው ሽፋን ላይ የታወቀ ደራሲ አስተያየት ካልሰጠበት ማን ይገዛዋል?

አንድ የታወቀ ደራሲ ጋ ሄዱ። እሱም የእጅ ጽሑፍ ዓይኔን ያመኛል፣ ተተይቦ ይምጣ አላቸው። ደራሲው አስተያየት አልሰጥ አለ፣ አሳታሚው አላነብ አለ።

ጸሐፊዋ ትርሲት ጋ ሄዱ። ሁለቴ መልፋት ስለሰለቻት ያልታረመ አልነካም አለች። ትርሲት አልተይብ አለች፣ ደራሲው አስተያየት አልሰጥ አለ፣ አሳታሚው አላነብ አለ።

የአማርኛ አስተማሪው መምህር ዘውዱ ጋ ሄዱ። ቀይ እስክሪብቷቸው አለ፣ መነጽራቸው ግን ተሰብሯል። መምህሩ አላርም አሉ፣ ትርሲት አልተይብ አለች፣ ደራሲው አስተያየት አልሰጥ አለ፣ አሳታሚው አላነብ አለ።

ይርገዱ ስባሪውን መነጽር ይዘው መነጽር ጠጋኙ ስንሻው ጋ ሄዱ። በተዘጋው ሱቁ ደጃፍ ተቀምጦ አገኙት። እናቱ የሞተችው እሱን ስትወልድ ነው፤ በየዓመቱ በተወለደበት ቀን ሥራ አይነካም። ቀኑም ያው ዛሬ ሆኖ አረፈው። ስንሻው አልጠግን አለ፣ መምህሩ አላርም አሉ፣ ትርሲት አልተይብ አለች፣ ደራሲው አስተያየት አልሰጥ አለ፣ አሳታሚው አላነብ አለ።

ይርገዱ የእናቱን ስም ጠየቁት። አመለወርቅ ነው አላቸው። አጠገቡ ተቀምጠው ደብተሩን ገለጡና አነበቡለት።

«አመለወርቅ። የልጇን ጣቶች አንድ በአንድ ቆጠረች። አሥር ሆኑላት። ሳቀችና፣ ስንሻው በሉልኝ አለች።»

እስከዚያ ቀን ሰው ሁሉ ለስንሻው የነገረው ስለ እናቱ ሞት ብቻ ነበር።

«ሳቀች?» አለ።

«ሳቀች ልጄ። በጆሮዬ ሰምቻታለሁ።»

ስንሻው ተነሥቶ ሱቁን ከፈተ።

ስንሻው መነጽሩን ጠገነ። መነጽሩ ሲጠገን መምህሩ አረሙ፤ የእናቶቹን ቃል ግን ቀይ አላስነኩትም። ሲታረም ትርሲት ተየበች፤ ሦስት ቦታ ላይ አቁማ ዓይኗን ጠረገች። ሲተየብ ደራሲው አነበበና፣ አስተያየት ልጽፍ ቁጭ ብዬ ቃል አጣሁ ብሎ ይህንኑ ጻፈበት። ደራሲው ሲጽፍ አሳታሚው ማንበብ ጀመረ።

ቆሞ ጀመረው፣ ተቀምጦ ጨረሰው። ይርገዱ ፊት ለፊቱ ይጠብቃሉ።

«ይታተማል እትዬ» አላቸው በቀስታ። ከዚያ ስልኩን አነሣና ገጠር ያለችው እናቱ ጋ ደወለ።

«እማዬ፣ እኔን መጀመሪያ ያየሽኝ ጊዜ ምን ብለሽ ነበር?»